«ኪኒንም ሱስ ነው» ስለተባለው ወንድም፤ የመደጋገፊያ ቡድኖችን በተመለከተ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም ስለ መጠጥና ስለ ጫት ሱስ ባቀረብነው ጽሑፍ መጨረሻ አካባቢ፣ «ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሰዎች የሚገናኙበት ቡድን ካለ ሄዶ መቀመጥ ይጠቅማል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገብቼ ነበር። ዋናውን ጽሑፍ ትተው ስለዚያች ዓረፍተ ነገር ብቻ የጻፉልን አንባቢዎች ብዙ ናቸው። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጬ፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳውቀውን አውጥቼ፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬ መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ባይፖላር የሚባለው የስሜት መታወክ እንዳለበት ተነግሮን ሶዲየም ቫልፕሮዬትና ሪስፔሪዶን ሲወስድ ቆይቷል። ከመታመሙ በፊት ጀምሮ ጫት ይቅማል፤ ከበርጫ ሲነሣም ለጨብሲ ይጠጣል። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ «መጀመሪያ ጫቱን ይተው» ይሉናል፤ ሱስ ወደሚታከምበት ስንወስደው ደግሞ «መጀመሪያ ሕመሙ ይረጋጋ» እየተባልን እንመለሳለን። በመጨረሻ አንድ ጓደኛው ከሱስ የወጡ ሰዎች በየሳምንቱ ወደሚገናኙበት ቡድን ወሰደውና ሁለት ወር ሙሉ ሳይቅምና ሳይጠጣ ቆየ። አሁን ግን በቡድኑ ውስጥ የሚከበሩ አንድ ሰው «ኪኒንም ሱስ ነው፤ ነጻ ወጣሁ የምትለው እሱንም ስትተው ነው» ብለውት መድኃኒቱን ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆነው። እንቅልፉ ቀንሷል፣ ንግግሩም ፈጥኗል። ከቡድኑ ላስወጣው ወይስ ዝም ልበል? (እህቱ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ወንድምዎን ዛሬ ወይም ነገ ለሚከታተለው ሐኪም ያሳዩት፤ የቡድኑ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሰው ትንሽ ተኝቶ ድካም የማይሰማው ሲሆን፣ ንግግሩም ሲፈጥን፣ ማኒያ የሚባለው የስሜት መናር እየጀመረው ሊሆን ይችላል። በዚህ ደረጃ የተያዘ ሕመም ብዙ ጊዜ አልጋ ሳያስይዝ ይመለሳል፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከተተወ ግን የቆጠበውን ገንዘብ፣ ሥራውን፣ አንዳንዴም ትዳሩን ይዞበት ይሄዳል። ያቆመውን መድኃኒት በቀድሞው መጠን ቤት ውስጥ እንዳታስጀምሩት አደራ እላለሁ፤ በምን ያህል መጠን ተጀምሮ እንዴት እንደሚጨመር የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

አሁን ወደ አባባሉ ልምጣ። ሱስ የምንለው ነገር ሐራራ ያለው፣ መጠኑን እያስጨመረ የሚሄድ፣ ለእሱ ሲባል ቤተሰብ የሚዋሽለትና ጉዳቱ በዓይን እየታየ የማይተው ነው። በአእምሮ ሕክምና በሠራሁባቸው ዓመታት በሪስፔሪዶን የመረቀነ ሰው አላየሁም፤ ቫልፕሮዬት ለመግዛት ብሎ የእናቱን ጌጥ የሸጠም አላጋጠመኝም። የእኛ ሥራ ይልቁንስ ሕሙማኑ እንዲውጡት መለመን ነው። እንዲህም ሆኖ ሰውየው ያንን ያሉት ከመሬት ተነሥተው ላይሆን ይችላል። እንደ ዳያዜፓም ያሉ የማረጋጊያ መድኃኒቶችና ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ በእርግጥ ሱስ ያስይዛሉ፤ ከመጠጥ ወጥተው ወደ እነዚህ የገቡ ሰዎችም አሉ። ምናልባት ሰውየው የተናገሩት በራሳቸው ላይ የደረሰውን ይሆናል። የተሳሳቱት የራሳቸውን ታሪክ ለወንድምዎ እንደ ሐኪም ማዘዣ አድርገው ሲሰጡት ነው።

ይህ ስሕተት በቡድኖች ውስጥ አዲስ አይደለም። በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ ማለትም ስማቸውን ሳይገልጹ የሚሰበሰቡ የመጠጥ ሱሰኞች ማኅበር፣ በውስጡ ይህ ችግር ደጋግሞ ስለታየ ስለ መድኃኒት ብቻ የሚያወራ ትንሽ መጽሐፍ እስከማሳተም ደርሷል። መልእክቱም ማንኛውም አባል በሌላው ላይ ሐኪም መሆን የለበትም የሚል ነው። ስለዚህ አንድ የቡድን አባል «መድኃኒትህን ተው» ሲል ቡድኖቹ ራሳቸው የቆሙበትን ሥርዐት እየጣሰ ነው።

«መጀመሪያ ያኛው ይዳን» እየተባሉ በሁለት በሮች መካከል መንከራተታችሁም የእናንተ ብቻ ዕጣ አይደለም። ሁለቱ ችግሮች ግን እንደ ገመድ የተገመዱ ስለሆኑ አንዱን ነጥሎ ማዳን አስቸጋሪ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አንጎልን እንደ አምፌታሚን እያነቃቃ እንቅልፍ ይነሣል፤ ባይፖላር ላለበት ሰው ደግሞ አንድ ሁለት ሌሊት ያለ እንቅልፍ ማደር ብቻውን ማኒያ ሊቀሰቅስ ይችላል። ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ በበኩሉ ስሜትን ወደ ታች ይጎትታል፤ አልኮሉም ቫልፕሮዬቱም የሚያርፉት ጉበት ላይ ነው። ወንድምዎ በእነዚያ ሁለት ወራት የተሻለው ሳይቅምም ሳይጠጣም መድኃኒቱን እየወሰደ ስለነበረ ነው፤ በእርግጥ ከጠቀመው ነገር ግማሹን ሱስ ነው ብለው አስጣሉት።

ይህንኑ ያዩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ኒውዮርክ ደብል ትራብል ኢን ሪከቨሪ የተባለ ቡድን መሥርተዋል። መሥራቹ ሃዋርድ ቮግል ሁለቱንም ሕመም በራሱ የሚያውቅ ሰው ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ ስለ መድኃኒት ማውራት፣ ስለ ጎን ጉዳቱ ማማረርም ጭምር፣ የተፈቀደ ነው፤ አንድ ሰው «ድምፅ ይሰማኛል» ሲልም ፊቱን የሚያዞርበት የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ስብሰባውን አዘውትረው የሚከታተሉ አባላት የታዘዘላቸውን መድኃኒት በአግባቡ በመውሰድ የተሻሉ ነበሩ።

እንግዲህ ወንድምዎን ከቡድኑ አያስወጡት። አምስት ዓመት ያልተገኘውን ሁለት ወር የሰጠው ያ ቡድን ነው፤ ሲሄድበትም የቆየው ሰው ስላገኘ እንጂ በምክር ብዛት አይመስለኝም። ይልቁንስ ቡድኑን የሚመራውን ሰው ፈልገው በተለየ ጊዜ ያነጋግሩ፤ የወንድምዎን ጉዳይ ለመዘርዘር ሳይሆን «በቡድናችሁ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቦታ አለው ወይ?» ብለው ለመጠየቅ ነው። «ያ የአንድ አባል አስተያየት ነው» ከተባሉ ይቆይ፤ «ሥርዐታችን ነው» ከተባሉ ግን ሌላ ቡድን መፈለግ ግድ ነው። ወንድምዎንም ሲያነጋግሩት ሰውየውን አያንቋሹበት፤ ከመጠጥ ላወጡት ሰው ያለው ፍቅር ከእርስዎ ክርክር ይበረታል።

ጥያቄ፦ «ዕውር ዕውርን ቢመራው ሁለቱም ገደል ይገባሉ» ተብሎ ተጽፏል። ሰካራም ሰካራምን፣ ታማሚ ታማሚን እንዴት ያድናል? በጥናት የተረጋገጠ ነገር አለው ወይስ እንዲያው መጽናኛ ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የአልኮሊክስ አኖኒመስን አመጣጥ ካላወቁት በእርግጥም ግራ ያጋባል። እ.ኤ.አ. በ1935 ግንቦት ወር ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለንግድ ጉዳይ ኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ ይሄዳል። መጠጥ ካቆመ ወራት ሆነውታል፤ ጉዳዩ ግን ከሸፈበትና ኪሱ ባዶ ሆኖ በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ቀረ። በአንድ በኩል መጠጥ ቤቱ ይታየዋል። በዚያች ሰዓት የገባው ነገር ቢኖር እንዳይጠጣ የሚያደርገው ሌላ ሰካራም ማነጋገር ብቻ መሆኑ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኖች ስልክ እየደወለ ሰካራም ሲያፈላልግ ከአንድ የከተማው ቀዶ ጥገና ሐኪም፣ ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር አገናኙት። ማኅበሩ የተመሠረተበት ቀን ተብሎ የሚከበረው ሰኔ 10 ቀን 1935 (እ.ኤ.አ.) ዶክተሩ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጡበት ቀን ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ቢል ወደ ዶክተሩ የሄደው ዶክተሩን ለማዳን ሳይሆን ራሱን ለማትረፍ መሆኑ ነው። በኋላ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁሩ ፍራንክ ሪስማን እ.ኤ.አ. በ1965 ይህንኑ በጥናት መልክ አቅርበውታል፤ በእንዲህ ያለው ግንኙነት እርዳታ ከሚቀበለው ይልቅ እርዳታ የሚሰጠው ሰው ሊጠቀም ይችላል። ከአምስት ዓመት በፊት የወጣው ሰው ትናንት የመጣውን ሲያይ የራሱን ትናንት ያያል፤ የመጣውም በቢሮ የተቀመጠ ባለሙያ ሊያሳየው የማይችለውን፣ ከዚያ ወጥቶ የሚኖር ሥጋ ለባሽ ያያል።

ስለ ማስረጃው፦ ኮክሬን በተባለው የሕክምና ጥናቶችን በሚመዝነው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ግምገማ 10,565 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሯል። ሰዎችን ወደ አልኮሊክስ አኖኒመስ በሥርዐት የሚያስገባ ሕክምና ካገኙት መካከል ከዓመት በኋላ መጠጥ ሙሉ በሙሉ አቁመው የተገኙት 42 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ እንደ ባሕርይና አስተሳሰብ ሕክምና ያሉትን ሌሎች መንገዶች ካገኙት ግን 35 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን በነጻ የሚገኝ የሰዎች ስብስብ ሠልጥነው ከሚያክሙት ጋር እኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቆሙ ቀላል ነገር አይደለም። ቁጥሩ ስለ አልኮል እንጂ ስለ ጫት አለመሆኑን ግን ልብ ይሏል። ከባድ የአእምሮ ሕመምን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የ18 ጥናቶች ግምገማ ውጤቱን ቀዝቀዝ ያለ አድርጎ ያቀርበዋል፤ የአቻ ድጋፍ፣ ማለትም ታማሚ ለታማሚ የሚሰጠው እርዳታ፣ ሆስፒታል መተኛትን ቀነሰ ለማለት የሚያስችል ማስረጃ አላገኘም፤ በሕሙማኑ ተስፋና በራስ የመተማመን ስሜት ላይ ግን መጠነኛ መሻሻል ታይቷል። ቡድኑ የመድኃኒት ምትክ አይደለም የምለው ለዚህ ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። አረቄ ካቆምኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አራት ሰዎች፣ ከመካከላቸው አንዱ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ፣ እኔ ዘንድ እየመጡ እናወራለን። ይህን ወደ ቡድን ለማሳደግ አስበናል። ቤቴ ይሁን? እንደ ዕቁብ ገንዘብ እናዋጣ? ባለሙያ መኖር አለበት? አንድ ድርጅትም ሊደግፈን እንደሚችል ሰምተናል። (ከደሴ)

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎት! ቡድኑ እኮ ተጀምሯል፤ የቀረዎት እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው።

ከቤትዎ ያውጡት። በእኛ አገር ሰው ቤት የመጣ እንግዳ ነውና ባለቤትዎ ቡና ማፍላት፣ ቁርስ ማቅረብ ይኖርባቸዋል፤ እርስዎም በራስዎ ሳሎን፣ ልጆችዎ በሚሰሙበት፣ ስለ ራስዎ ውድቀት ማውራት ይከብድዎታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ አያድርገውና፣ ለእርስዎ ቢያገረሽብዎት ቡድኑ ቤቱንም አብሮ ያጣል። ቅዳሜ ከሰዓት የማይማሩበት የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የጤና ጣቢያ የስብሰባ ክፍል ይሻላል። ደሴ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ አዳራሽ ማድረጉ ግማሹን ሰው ከደጅ ይመልሳል። ሰዓቱን ግን ብልህ ሆነው ይምረጡ፤ ሰው በሚመቸው ሳይሆን በሚያስቸግረው ሰዓት ላይ ይሁን። ጫት ለሚያስቸግራቸው ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት፣ መጠጥ ለሚያስቸግራቸው ደግሞ ከመሸ በኋላ፣ የደመወዝ ሳምንት ሲሆን ደግሞ ሳይታለፍ።

ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰው፣ የአንድ ሰዓት ወይም የአንድ ሰዓት ተኩል ቆይታ ይበቃል። በየተራ ይናገራሉ፤ መናገር ያልፈለገም «ዛሬ ላዳምጥ» ብሎ ያልፋል። አስቸጋሪው ሕግ ምክር አለመስጠት ነው። እኛ ሽማግሌ ባለበት ሁሉ ምክር የሚዘንብበት ሕዝብ ነን፤ «አንተ እኮ እንዲህ ብታደርግ» ብለን ካልጀመርን አፋችን አይፈታም። በቡድኑ ውስጥ ግን ሰው የሚናገረው «እኔ» ብሎ ብቻ ነው፦ እኔ እንዲህ ሆንኩ፣ እኔን ይህ ጠቀመኝ። መጀመሪያ አካባቢ ዝምታው ያስጨንቃል፤ ያስጨንቅ። በተለይ መድኃኒት ለሚወስደው ባልደረባችሁ ይህ ሕግ ጥበቃ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አንብበው እንደሆነ የዚያን ወንድም መድኃኒት ያስቆመችው አንዲት ምክር ነበረች። ባልደረባችሁ ለሌላው የማይሰማ ድምፅ ቢሰማው ወይም ሰዎች ያሳድዱኛል ቢል መከራከርም ማሽሟጠጥም አይገባም፤ ፍርሀቱን አዳምጦ ወደ ሐኪሙ አብሮ የሚሄድ አንድ ሰው መመደብ ይበቃል።

ቡድኑን ከዕድር የሚለየው ነገር ካለ ምስጢር ነው። በዕድር የአንዱ ሐዘን የሁሉም ነው፤ በጡሩንባ ይነገራል። እዚህ ግን የተሰማው እዚያው ይቀራል፤ መንገድ ላይ ስትገናኙም «ቅዳሜ እንገናኝ» እንኳ በሰው ፊት አይባልም። ለዚህ ሕግ አንድ በር ብቻ ክፍት ይተዉለት፦ አንድ ሰው ራሱን ሊያጠፋ ወይም ሌላውን ሊጎዳ እንደሆነ ከተሰማ ምስጢር አይጠበቅም፤ ይህም ነገሩ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ይነገራል። ከጽዋ ማኅበር ደግሞ የሚወሰድ መልካም ነገር አለ፤ ሙሴው ሁሉን አዛዥ እንዳልሆነ ሁሉ የእናንተም ሰብሳቢ በየወሩ ይቀያየር። (ጽዋው ራሱ ግን ከመጠጥ ለወጣ ሰው ፈተና ነው፤ ማኅበርተኞች ዘንድ አስቀድሞ ሄዶ «የእኔ ውኃ ይሁን» ብሎ መንገር በዕለቱ ከመግደርደር ይቀላል።) ከዕድርም ከማኅበርም የማይወሰደው መቀጫ ነው። አገርሽቶበት ሦስት ሳምንት የጠፋ ሰው ተመልሶ ሲመጣ «የት ጠፋህ» ተብሎ አይመረመርም፤ ወንበሩ ይሳብለታል። ጠጥቶ የመጣም ካልረበሸ ተቀምጦ ያድምጥ፤ የዚያን ቀን ግን አይናገርም።

በገንዘብ ጉዳይ ምናልባት ጥብቅ ሳልሆንብዎት አልቀርም። ለቡናና ለውኃ የሚሆን ሳንቲም በጣሳ ይሰብሰብ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ዕቁብ አትጀምሩ፤ በአባላት መካከል ብድርም ይከልከል። ከሱስ ገና በመውጣት ላይ ያለ ሰው የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰው የሚያጋጥመውን ፈተና እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የተበደረ ሰው ደግሞ ከዕዳው ጋር ከቡድኑም ይሸሻል። አልኮሊክስ አኖኒመስ በአባላቱ መዋጮ ብቻ መተዳደርንና የውጭ እርዳታ አለመቀበልን ከመመሪያዎቹ አንዱ አድርጎታል፤ ለእኛ አገር ደግሞ ይህ መመሪያ ይበልጥ ያስፈልጋል። ድርጅቱ የመሰብሰቢያ ክፍል ቢሰጣችሁ፣ አንድ ሰው ቢያሠለጥንላችሁ ተቀበሉ። አበል እከፍላለሁ ካለ ግን አመስግናችሁ ተሰናበቱት። አበል ሲጀመር የማይቅመው ሁሉ ቃሚ ነበርኩ ብሎ ይመዘገባል፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ደግሞ የሚያስፈልጋቸውም አብረው ይበተናሉ። በአገራችን ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ ተስፋ ጎህ ያሉትን ማኅበራት ሲመሠርቱ ጉልበታቸው «እኔም አለብኝ» ብሎ መገናኘቱ ነበር። የእናንተም ሀብት እሱ ነው።

ባለሙያን በተመለከተ፣ በስብሰባው ራስጌ የሚቀመጥ ሐኪም አያስፈልጋችሁም፤ ባለሙያ ሲቀመጥ ሰው ወደ እሱ እየዞረ መናገር ይጀምራልና ቡድኑ ወደ ቀጠሮ ክፍል ይለወጣል። ነገር ግን ሲጨንቃችሁ የምትደውሉላቸው፣ በአእምሮ ጤና የሠለጠኑ አንድ የጤና ጣቢያ ነርስ ከወዲሁ ተዋወቁ። አምስት ሰዎች ተቀምጠው ለማውራት ማኅተም አያስፈልጋቸውም፤ በቡድኑ ስም የባንክ ሒሳብ መክፈት ወይም ሰሌዳ መስቀል ካሰባችሁ ግን አስቀድማችሁ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አረቄ ከያዘው ስምንት ዓመት ሆነው፤ አሁን ከአልጋው ሳይወርድ መለኪያ ይጠይቃል። ወንድሞቹ ሰባት ቀን በክፍል ዘግተውበት እንዲያቆም አድርገው ከዚያ ጠበል ሊወስዱት ወስነዋል። እሱ ቡድን የሚባል ነገር መስማት አይፈልግም። እኔስ ብቻዬን የምሄድበት ይኖራል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እባክዎ ክፍሉን እንዳይዘጉበት ይከላከሉ፤ ይህን ገጽ ለወንድሞቹ ቢያነቡላቸውም አልጠላም። ጫት ያቆመ ሰው ይደክመዋል፣ ይከፋዋል፣ በቅዠት ይሰቃያል እንጂ በማቆሙ ብቻ ብዙውን ጊዜ ለሕይወቱ አያሰጋውም። በየቀኑ ከጠዋት ጀምሮ የሚጠጣ ሰው አረቄን በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመጨረሻውን ከጠጣ ስድስት ሰዓት ካለፈ ጀምሮ እጁ ሊንቀጠቀጥና ሊያልበው ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊጥለው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ በአንዳንዶች ላይ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ይመጣል። ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ይህ ሁኔታ ካልታከመ ይገድላል። በተዘጋ በር ውስጥ የሚጮኸውን ሰው ቤተሰቡ «ርኩስ መንፈሱ እየለቀቀው ነው» ብሎ ሊተወው ይችላልና የምፈራው እሱን ነው። በሆስፒታል ዳያዜፓም በሐኪም ቁጥጥር እየተሰጠው፣ ቲያሚን የሚባለውም ቫይታሚን ቢ1 ተጨምሮለት በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልፋል።

ጠበሉን አልቃወምም። ሰውነቱ ከጸና በኋላ፣ መድኃኒት ከታዘዘለትም እሱን ሳያቋርጥ ይሂድ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ምእመናን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለዚህኛውም ሕመም ነገሩ የተለየ አይመስለኝም።

ለእርስዎ ግን አዎን፣ የሚሄዱበት አለ፤ ባይኖርም መፈጠር አለበት። የቢል ዊልሰን ባለቤት ሎይስ እ.ኤ.አ. በ1951 አል-አኖን የተባለውን የቤተሰብ ማኅበር ስትመሠርት እንደ እርስዎ ያሉ ሚስቶችን አስባ ነው። በአገራችንም በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው 166 ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት የቤተሰብ መደጋገፊያ ቡድንን በውስጡ ይዞ ነበር፤ ከጤና ተቋም ሕክምና በተጨማሪ በየቤታቸውና በየመንደራቸው ድጋፍ ያገኙት ሕሙማን ከዓመት በኋላ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በመምራት ተሽለው ተገኝተዋል። በሐዋሳ ከእርስዎ ጋር ተመሳሳይ ሸክም ያላቸው ሦስት ሴቶች አይጠፉም። ስለ ባሎቻችሁ ሳይሆን ስለ ራሳችሁ እንቅልፍ፣ ስለ ልጆቻችሁና ስለ ገንዘባችሁ ለማውራት ብትገናኙ ባለቤትዎ እስኪፈልግ መጠበቅ የለብዎትም።

ጥያቄ፦ ጠጥቼ ሳሽከረክር ተይዤ ፍርድ ቤት አልኮሊክስ አኖኒመስ እንድሄድና እያስፈረምኩ እንድመጣ አዘዘኝ። ሙስሊም ነኝ። በስብሰባው መጨረሻ ሰው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ «አባታችን ሆይ» ይላል። ማመን አለብኝ? ሐበሻ እንዳያየኝም እፈራለሁ። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ማኅበሩ ለአባልነት የሚጠይቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግን ብቻ ነው። አባላቱ ከሱስ ለመውጣት በሚከተሏቸው 12 ደረጃዎች ውስጥ እግዚአብሔር ይጠቀሳል፤ «እኛ እንደተረዳነው» የሚል ሐረግ ግን አብሮት አለ። ጸሎቱ ሲደርስ ዝም ብሎ መቆም ወይም ቀድሞ መውጣት የሚያስቀይመው ሰው የለም። በዚያ መቆየት ካልፈለጉ ሁለት አማራጭ አለዎት። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ስማርት ሪከቨሪ ጸሎት የሌለበትና በኢንተርኔትም የሚካሄድ ነው፤ ሚላቲ ኢስላሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ከእርስዎ ብዙም በማይርቀው በባልቲሞር ከተማ የተጀመረና ደረጃዎቹን በእስልምና አስተምህሮ የቀረጸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2007 ሁለት የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ሰውን ሌላ አማራጭ ሳይሰጡ ሃይማኖታዊ ይዘት ወዳለው ስብሰባ ማስገደድ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወስነዋል። ቨርጂኒያ በእነዚያ ፍርድ ቤቶች ሥር ባትሆንም ጉዳዩን ለጠበቃዎ ወይም ጠጥተው ያሽከረከሩትን በሚከታተለው፣ ቫሳፕ በሚባለው የቨርጂኒያ ፕሮግራም ለሚከታተልዎ ሰው ማንሣት መብትዎ ነው፤ ቡድን ከመቀየርዎ በፊት ግን ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ።

ስለ ሐበሻው፦ አንዳንድ ስብሰባዎች ለማንም ክፍት ናቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ ችግሩ ላለባቸው ብቻ የተዘጉ ናቸው። በተዘጋው ውስጥ የአገርዎን ሰው ቢያገኙ እሱም የመጣው እርስዎ በመጡበት ጉዳይ ስለሆነ የሚያማዎት ራሱን ገልጦ ነው። ሥራዎም በሌሊት ከሆነ የቀትር ስብሰባ ይፈልጉ፤ ብዙ ከተማ ውስጥ አለ። ፊርማውን ደግሞ ስብሰባው እንዳለቀ ወዲያውኑ ያስፈርሙ፤ ሰብሳቢው ወንበር ሰብስቦ ከወጣ በኋላ ወረቀት ይዘው መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሯሯጡ ብዙ ናቸው።